«ይገፈፍ» ያልኩት ፊት

«ልቀቀው አልኩህ! የኔ ፊት እንጂ ያንተ አይደለም!»

«እታለም፣ ባለሙያዋ ያለችሽን አልሰማሽም? ዛሬውኑ አቁሚ ብላሻለች።»

የቅባቱን ብልቃጥ ሁለታችንም ይዘን እንጓተታለን። ክዳኑ ወልቆ አልጋ ሥር ገብቷል። እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በጉልበት አሸንፌያት አላውቅም።

ከጤና ጣቢያ መመለሳችን ነበር። ባለሙያዋ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው። ምን እንደገባበት የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለውም። «እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ አለበት፤ ወይም ያለ ሐኪም የማይታዘዝ ጠንካራ መድኃኒት» አለች። «ቆዳሽን ገፎታል። ስታቆሚው መጀመሪያ ይብስብሻል፣ ታገሺው። ከፀሐይ ተጠለይ።» እህቴ ሎሚ ብትቀባስ ብላ ጠየቀች። «ሎሚማ በዚህ በቆላ ፀሐይ ጭራሽ ያቃጥልሻል። ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃሻል። ቁስሉ ሲደርቅ እናትሽ የምትንጠው ለጋ ቅቤም ይሆናል፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ስስ አድርገሽ።»

«ገፎታል» ስትል አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደደፋሁ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር።

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል» አለች እህቴ፣ ብልቃጡን እንደያዘች። «እንዲህ ተላልጬ ልታይ? እስከዚያ ብቻ ልቀባው፤ ከዚያ አንተው ራስህ ጣለው።»

ጉንጮቿ ቀልተው ተልጠዋል። የጣቶቿ አንጓ ግን እንደ ድሮው ጠይም ነው። ከዚያ መልክ ጋር አብሬ አድጌያለሁ፤ አንድ የግጥም መስመር እንኳ ጽፌለት አላውቅም።

በዚህ መሃል ከዋናው መንገድ በኩል የባጃጅ ድምፅ ማጉያ ተሰማ።

«ጠይሙ ይገፈፍ ይውጣ ቀዩ ፊትሽ፣
ሰባት ቀን ይበቃል ጨረቃ ሊያደርግሽ!»



ግጥሙ የኔ ነው። የመዋቢያ ሱቅ ያለው ጓደኛዬ «ለቅባቴ ማስታወቂያ ሁለት መስመር ጣል አድርግልኝ» ሲለኝ ብልቃጡን ከፍቼ እንኳ አላየሁም። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም ለምጄ ደብተር ሙሉ ጽፌያለሁ፤ አንብቡልኝ ስል ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ባጃጇ ግን ቃሌን በቆቦ ከተማ አዙራ እስከ ሮቢት ከተማ አደረሰችልኝ። መጀመሪያ «ይጠረግ» ብዬ ነበር። ቀዘቀዘብኝ። «ይገፈፍ» ስል ሞቀኝ። የታረደ ከብት የሚገፈፍበትን ቃል ለሰው ፊት መስጠቴ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

«እታለም፣ ያ ግጥም…»

«ያንተ ነው።»

እጄ ላላ። ብልቃጡ እሷ ዘንድ ቀረ።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ጨረቃ የሌለችበት ግጥም ጽፈህ ታውቃለህ?» ሳቀች። ስትስቅ የከንፈሯ ዳር ተሰነጠቀ፤ በጣቷ ያዝ አደረገችው። «ለምን የገዛሁት ይመስልሃል? ወንድሜ የገጠመለት ነው ብዬ። ለጎረቤትም አውርቻለሁ። ሁለቱ ገዝተዋል።»

ይቅርታ ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ «ምን እንደገባበት አላወቅሁም።»

«እሺ፣ አላወቅህም። አሁን አወቅህ። ሂድና በዚያው ማይክ ንገራቸው።»

«የጓደኛዬ ሱቅ እኮ ነው። እስቲ ቀስ ብዬ ለብቻው ላናግረው።»

«ባለቅኔው!» አለች። ሌላ ጊዜ ስትኮራብኝ የምትጠራኝ በዚሁ ስም ነበር።

ባጃጇ ወደ እኛ ሰፈር ታጠፈች። ድምፄ ባይሆንም ቃሌ እየቀረበ መጣ። እህቴ ብልቃጡን እንደያዘች ተነሣች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትሸፋፈን ደጅ ያልረገጠች ልጅ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ አልጋው ላይ ጣለችው።

«ፀሐዩ!» አልኳት።

«ትንሽ ይንካኝ። አንተ ካልነገርካቸው እኔን ይዩኝ።»

ነጠላውን አንስቼ ዘረጋሁላት። ወደ እጄ እንኳ አላየችም። ወጣች፤ የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።