ስለ ንብ የሚያወራው ሰውዬና ሠንጠረዤ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልተጋባበትም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለልጆች ፖድካስት መረጠች፣ በቃ። ተማሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከታሪኩ ውስጥ ብልህ ሆኜ የምታይበትን ቦታ ብፈልግ አጣሁ። ቢሆንም አንድ ደብተር ማስታወሻና አንድ ሠንጠረዥ ተርፎኛል፤ ዝም ብዬ ልጥለው አልቻልኩም።

ያደግሁት ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ ነው። አባቴ ከጎንደር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ቅመም ሻጭ ነው። ዘንድሮ መምህርነት ላጠና ዩኒቨርሲቲ ገባሁ እላለሁ እንጂ ግቢውን አይቼው አላውቅም። በጦርነቱ ምክንያት ትምህርቱ በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር ጽሑፍ ይላክልኛል፣ እኔም አነባለሁ። ሦስት ወር በስልክ መምህርነት የተማረ ሰው ምን ያህል እንደሚኮራ እኔን ያየ ያውቃል።

ከቤታችን ጎን ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች የጎንደር ሴት ከልጇ ጋር ትኖራለች። መኪና ተራው አጠገብ ሻይ ታፈላለች። ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ካርቱም ተወልዳ በዓረብኛ ስለተማረች አማርኛ ትሰማለች፣ ልትመልስ ስትል ግን ምላሷ ይታሰራል። በከተማው ያለ አንድ የእኛ ሰዎች ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሊያስገባት ይችላል፤ ነገር ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ዳይሬክተሩ ራሳቸው በአማርኛ ሊያነጋግሯት ነው።

እናቷ ነገሩን አሳጥራ ነገረችኝ። "ካለፈች ትማር። ካላለፈች ወላሂ ከጎኔ ተቀምጣ ብርጭቆ ታጥባለች። ሌላ ዓመት ቤት ውስጥ አላስቀምጣትም።"

"እኔ እያለሁ፣ እትዬ!" አልኳት። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ከተላኩልኝ ጽሑፎች አንዱ ልጅ ቋንቋን የሚማረው በመስማት ነው ይላል። ስለዚህ በአባቴ ሱቅ ጓዳ፣ በርበሬ ጆንያ መሃል፣ የማዳመጫ ክፍል ከፈትኩ። እሷና በዕድሜ የሚመስሏት አምስት የሰፈር ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት ይመጣሉ። ጥንቁቅ ስለሆንኩ አስቀድሜ ወላጆችን ምን እንዳይሰሙባቸው እንደሚፈልጉ ጠየቅሁ። በእኛ ሰፈር ሰው ከተጠየቀ ይመልሳል። አባቴ ዘፈን ያለበት አይሁን አለ። የአንዱ እናት ጂን ያለበት፣ የሌላው እናት ኳስ ያለበት አይሁን አሉ። በሐምዳይት ድንበር በኩል የመጣችው ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን ፖለቲካ አይሁን ካለች በኋላ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ "ታሪክም አይሁን። እሱም ያው ነው" አለች። ፍቅር አይሁን ያሉት ሁሉም ናቸው።

ሁሉንም ለማስደሰት አሥራ አንድ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ያገኘሁት የአማርኛ ፖድካስት ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው ዓምድ ወደቀ። የተረፈው አንድ ብቻ፣ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ሰውዬ ነበር። በንብ የሚቆጣ ወላጅ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። መብራት የሚመጣው በቀን ለጥቂት ሰዓት ስለሆነ የስልኬን ቻርጅ ለመቆጠብ ሁሉንም የሰማሁት በእጥፍ ፍጥነት ነው። በዚያ ፍጥነት ሰውዬው ንቁና ተጫዋች ነው። "አቀራረብ" በሚለው ዓምድ ሥር "እጅግ ማራኪ" ብዬ ጽፌለታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ በራሱ ፍጥነት ከፈትኩላቸው።

"ውድ... አድማጮቻችን... እንደምን... ዋላችሁ።"

በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ውኃ ጠጥቶ የሚመለስ ይመስል ነበር።

"ኡስታዛ፣" አለ አንዱ፣ መምህርት ማለቱ ነው፣ "ሰውዬው አሞታል?"

"ምን ያመዋል? ነድፈውት ነው እንጂ" አለ ሌላው።

"ዝም በሉ፣ ትምህርታዊ ነው!" አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱ መምጣት ተዉ። በሦስተኛው የሻይ ሻጯ ልጅ ብቻዋን ቀረች። እሷን ለማስደሰት ፍጥነቱን ጨመር ባደርገው በዓረብኛ ጮኸችብኝ። "ላ፣ ላ! መልሺው! ቀስ ሲል ነው የሚገባኝ!" በደብተሬ ላይ "ተማሪዋ ለውጥን ለመቀበል ዝግጁ አይደለችም" ብዬ ጻፍኩ። ይህ ዓረፍተ ነገር እስካሁን አለ።

ዳይሬክተሩ ጋ ልትቀርብ አንድ ሳምንት ሲቀራት እሷም ሳትመጣ ቀረች። ልቆጣት ወደ መኪና ተራው ሄድኩ። ልጅቷ የእናቷን የሻይ ማጥለያ እንደ ማይክሮፎን ይዛ ወደ ድንበሯ ገላባት በሚመላለሱ ሹፌሮች ፊት ቆማለች።

"ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ሹፌር እርባታ እንነጋገራለን። ሹፌር ጥላ ይወዳል። ስኳር ይወዳል። ሲነሳ ይጮኻል።"

"ኧረ ይቺን ልጅ!" አለ አንዱ ወፍራም ሹፌር። "ንግሥታችንስ ማን ናት?"

"ንግሥት እናቴ ናት። ሥራ የፈታ ሹፌር ይባረራል።"

"'ሥራ የፈታ' አለች! ትናንት 'ሥራ የለውም ሹፌር' ስትል አልነበረም? ማን አስተካከላት?"

"እኔ ነኛ!" አለ ሌላው፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ።

እናቷ ወደ እኔ ዞረች። "ይህን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?"

አዎ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ ስትሸሽ የነበረው ከእኔ ጓዳ እንጂ ከአማርኛ አልነበረም። ያንን ከመቀበል ይልቅ ግን ለልጅቷ ምክር ሰጠኋት። "ዳይሬክተሩ ፊት 'ውድ አድማጮቻችን' እንዳትዪ። ቁምነገረኛ ሁኚ።"

"ሓድር፣ ኡስታዛ" አለችኝ፤ እሺ ማለቷ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችን ሄድን። ምናልባት ከጠየቁኝ ብዬ ሠንጠረዡን በፕላስቲክ አቃፊ ይዣለሁ። ዳይሬክተሩ ሽበታም፣ ለስላሳ ሰው ናቸው።

"በይ ልጄ፣ ስለ ራስሽ ንገሪኝ።"

ልጅቷ እኔን አየች። ከዚያ ወለሉን አየች። ዝም። ዳይሬክተሩ ጠበቁ፤ ጥያቄውን ደገሙት። ዝም። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ፈታች፣ ጠቅልላ ፈታች። የልጅቷን አፍ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ "በዪው፤ እንደ ሰውዬው በዪው" አልኳት።

ቀና አለች።

"ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ እኔ እንነጋገራለን።"

ካርቱም የነበራቸውን ቤት፣ ጥለውት የመጡትን ድመት፣ በጭነት መኪና የመጡበትን መንገድ፣ ስኳር እንዲጨመርላቸው የሚለምኑትን ሹፌሮች ቀስ እያለች ተናገረች። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተች፤ አንዱን ራሷ አረመችው።

"ይህ ፕሮግራም መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉ ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው እየሳቁ።

"ካስገባችሁኝ ይቀጥላል።"

ስሟን መዝገብ ላይ ጻፉ። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሠንጠረዡን ማንም አልጠየቀኝም። ስንመለስ እዚህ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ ሙቀቱ ስለበረታ ልጅቷ ወረቀቱን ከአቃፊው አውጥታ እናቷን አራገበችበት። ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነበር፣ እሑድ ረፋድ ላይ።