የኤልካና ዊትሰል አሮጌ ሰንሰለት

በኦሃዮ ኮረብታዎች መካከል፣ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ሊነሳ አሥር ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ኤልካና ዊትሰል የሚባል መሬት ቀያሽ ነበር። አባቱ በርሜል ሠሪ ስለነበሩ ልጁም በርሜል ሠሪ ይሆናል ተብሎ ነበር። እሱ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአንድ ሽማግሌ ቀያሽ ሰንሰለት ጫፍ ይዞ ጫካ ገባና በዚያው የቅየሳ ሰው ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ሲሞቱ ሰንሰለታቸውን ወረሰ። በአውራጃው ውስጥ እሱ ያልረገጠው የእርሻ ድንበር ጥቂት ነው። ሲራመድ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እርምጃውን እየቆጠረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ከበሩ እስከ መቀመጫው አሥራ አራት እርምጃ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይቀመጥም።

የቀያሽ ሰንሰለት ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ሲያዩት የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ስልሳ ስድስት ጫማ ይረዝማል፤ መቶ የብረት አንጓዎች በትንንሽ ቀለበቶች ተያይዘው ያበጁታል። አንዱ ሰው ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ይይዛል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ በተዘረጋ ቁጥር ፊተኛው አንድ ችንካር መሬት ላይ ይተክላል፤ ኋለኛው ሲደርስበት ይነቅለዋል። አሥሩ ችንካር ሁሉ ኋለኛው እጅ ሲገባ አሥር ሰንሰለት ሆነ ማለት ነው። ቆጠራው ከሰውየው ጭንቅላት ወጥቶ እጁ ላይ ስለሚሆን፣ ወሬ ቢያወሩም፣ ዝናብ ቢመታም አይጠፋም።

ኤልካና በዚህ አሠራር ይኮራ ነበር። «እኔ ልሳሳት እችላለሁ፤ ሰንሰለቴ ግን አይዋሽም» ይላል ሁልጊዜ። ብረቱ እንዳይዝግ የዝይ ስብ እየቀባ ሲያሸው ሚስቱ ማሂታቤል፣ «ለዚያ ብረት እንዲህ ስትሆን ያየ ሰው፣ የሚስትህን ጉልበት ሲንቋቋ ቢሰማ ምን ይልሃል?» ትለዋለች።

በአውራጃው ፍርድ ቤት ወለል ላይ፣ ልክ በስልሳ ስድስት ጫማ ርቀት የተመቱ ሁለት የናስ ምስማሮች ነበሩ። ቀያሾች በየዓመቱ ሰንሰለታቸውን እየወሰዱ እዚያ ላይ ይፈትናሉ። ኤልካና በወጣትነቱ አንድም ቀን አልወሰደም። «የሽማግሌው ሰንሰለት ነው፤ ሙት ልፈትን?» ይል ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ አንጓ ቢሰበርበት በናሱ ምስማሮች ላይ የተፈተነ አዲስ ገዛ። አሮጌውንም አስጠግኖ ከምድጃው በላይ ሰቀለው።

በመከር መግቢያ ላይ ጆታም ፐርሴል የተባለ ባለ ርስት ሳይናዘዝ ሞተ። የተወው መሬት ከሁለት መቶ ኤከር ይበልጣል። ልጆቹ ሦስት ናቸው፦ ታላቁ አሳሄል፣ ዝምተኛው ኢኖስ፣ እና ባሏ የሞተባት ቲርዛ። ፍርድ ቤቱ እንደ ወጉ ሦስት ጎረቤቶችን አካፋይ አድርጎ ሾመ፤ ኤልካናንም ቀያሽ አደረገላቸው።

ርስት ማካፈል ኤከር ቆጥሮ ለሦስት መግመስ አይደለም። የወንዙ ዳር አንድ ኤከር ጥቁር አፈር ከድንጋያማው ኮረብታ ሦስት ኤከር ይበልጣል፤ የማገዶ ዛፍ አለ፣ ውሃ አለ፣ ለጋሪ የሚሆን መንገድ አለ። አካፋዮቹ ከወራሾቹ ጋር አራት ቀን ሙሉ እየዞሩ አፈሩን በመዳፋቸው እያሹ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሦስቱም ወራሾች «የትኛውም ቢደርሰኝ ቅር አይለኝም» እስኪሉ ድረስ ድርሻዎቹን አመዛዘኑ። ከዚያ ሰሜን፣ መካከል፣ ደቡብ ተብሎ በሦስት ወረቀት ተጻፈና በአንደኛው አካፋይ፣ በኦቤድ ስትሪክለር ባርኔጣ ውስጥ ተጣለ።

«ባርኔጣው ላብ ላብ ይሸታል ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰበስቡ» አለ ኦቤድ። «የናንተን አባት ርስት ሳካፍል ያላበኝ ላብ ነው።»

ለኢኖስ ሰሜኑ ደረሰው። ለአሳሄል መካከሉ። ቲርዛ ወረቀቷን ስትገልጥ ደቡብ ይላል። ደጋግማ አነበበችው። ዘጠኝ ዓመት የኖረችው እዚያ ነበር። እዚያ ከአንድ ትልቅ ኦክ ዛፍ አጠገብ ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ቀዝቃዛ ምንጭ አለ፤ ምንጩ ላይ የሠራችው ትንሽ የድንጋይ ቤትም አለ። ወተቷ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ቅቤዋ እዚያ ይጠነክራል። ያለዚያ ውሃ የቲርዛ ስድስት ላሞች ስድስት ራስ ምታት ናቸው።

በሦስተኛው ቀን አሳሄል አባቱ ያንን ደቡባዊ መሬት የገዙበትን የዱሮ ውል ይዞ መጣ፤ የደቡቡ ድርሻ ወሰን የተወሰደው ከዚያ ውል ነበር።

«አቶ ኤልካና፣ ያንብቡልኝ» አለ። «ውሉን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ኤልካና መነጽሩን አደረገ። «ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ተነስቶ ወደ ሰሜን አርባ ሰንሰለት፣ ምልክት እስከተደረገበት ኦክ ዛፍ።» ከሀያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው የራሱ እጅ ነው።

«አርባ ሰንሰለት» አለ አሳሄል። «ይለካልኝ።»

ለኩት። አዲሱን ሰንሰለት ኢኖስ ከፊት ጎተተ፣ ኤልካና ከኋላ ያዘ። አሥሩ ችንካሮች አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። የመጨረሻው ችንካር የተተከለው ከምንጩ ወዲህ ነበር። ኦክ ዛፉ ከምንጩ ማዶ፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆሟል። ድንበሩ ችንካሩ ላይ ከሆነ ምንጩ የአሳሄል ነው።

«ይኸው!» አለ አሳሄል። «በእርስዎ እጅ፣ በእርስዎ ሰንሰለት!»

«ዛፉስ?» አለች ቲርዛ። «ውሉ ዛፍ ይላል እኮ።»

«የቱ ዛፍ? እዚህ ብቻ አምስት ኦክ አያለሁ። ጠይቂያቸው እስቲ፣ አንዳቸው ‹እኔ ነኝ› ካለሽ እኔም ዛፍ ልሁን።»

«አንተማ ከተገተርክ ቆይተሃል። የጎደለህ ቅጠል ብቻ ነው» አለችው።

ኤልካና አልሳቀም። ሕጉን ያውቃል፦ ቁጥርና ምልክት ሲጣሉ የሚረታው ምልክት ነው፤ ዛፍ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቁጥር ግን ከሰው እጅ የወጣ ነው። ነገር ግን ከሀያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ቅርፊቱ ምልክቱን ውጦታል። ተቆርጦ ቢገኝ እንኳ አሳሄል «አባቴ ንብ ያገኘበትን ዛፍ ሁሉ በመጥረቢያ ምልክት ያደርግበት ነበር» ማለቱ አይቀርም። አሥሩ እርምጃ ከየት መጣ? ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ኤልካና ችንካሩን ሲያይ ገብቶታል።

«ነገ ጠዋት እንገናኝ» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ከምድጃው በላይ ያለውን ሰንሰለት አወረደ። ማሂታቤል የበቆሎ ዳቦ እየቆረጠች አየችው።

«ምነው? ልታገባው ነው?»

«ልፈትነው ነው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ አይዋሽም ስትለን?»

«ሰላሳ ዓመት ሙሉ» አለ ኤልካና።

ጠዋት፣ ሣሩ በታጨደበት ሜዳ ላይ፣ ሦስቱም ወራሾች፣ ኦቤድና ሁለቱ አካፋዮች ተሰበሰቡ። ኤልካና የሁለቱን ሰንሰለቶች እጀታ በአንድ ችንካር ላይ አጠለቀና ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ጠራቸው። አሮጌው አዲሱን በአንድ ስንዝር ያህል ያልፈዋል፤ ልክ ስምንት ኢንች።

ኤልካና ተንበርክኮ አንዱን ቀለበት በጣቱ አዞረ።

«እዩት» አለ። ድምፁ መጀመሪያ ከበደው፤ ነገሩን ማስረዳት ሲጀምር ግን እየሞቀ ሄደ። «ቀለበቱ እዚህ ጋ ከአንጓው ጋር ይፋተጋል። በአንድ ሰንሰለት ላይ እንዲህ ያለ መፋተጊያ ስምንት መቶ ያህል አለ። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ፀጉር ያህል ቢበላ አታዩትም፤ ከሽማግሌው ስወርሰው ተበልቶ ነበር፣ እኔም አላየሁትም። ስምንት መቶው ሲደመር ግን ይህን ስንዝር ያህላል። ሰንሰለቱ ሲረዝም መሬቱ አጭር ይመስላል። የአባታችሁን መስመር አርባ ሰንሰለት ብዬ ስጽፍ፣ በእውነቱ ከአርባ ይበልጥ ነበር። የናስ ምስማሩ ላይ ወስጄ ብፈትነው በአንድ ቀን አውቀው ነበር። አልወሰድኩም፤ ኮርቼ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ የለኩት ሁሉ ስህተት ነው!» አለ አሳሄል።

«ስህተት ነው። ግን የዘፈቀደ ስህተት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ስምንት ኢንች ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም። ስምንት ኢንች በአርባ ሲባዛ ሦስት መቶ ሀያ ኢንች። ሀያ ስድስት ጫማ ከስምንት ኢንች። ና፣ አንተው ለካው።»

አሳሄል ራሱ ከትናንቱ ችንካር ተነስቶ በመለኪያ በትር ለካ። ሀያ ስድስት ጫማ ከስምንት ኢንች ሲሞላ የበትሩ ጫፍ የትልቁን ኦክ ግንድ ነካ። ሌሎቹ አራት ኦኮች ርቀው ቆመው ይመለከታሉ።

ኤልካና ወገቡ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ቅርፊቱ ትንሽ በጎደጎደበት ቦታ፣ ከላይና ከታች መጋዝ አስገባ። ከዚያ መጥረቢያውን በስሱ እያስገባ ፈነቀለ። የእንጨቱ ሳንቃ እንደ በር ተከፈተ። በውስጡ፣ ዛፉ ሸፍኖ ያኖረው የቆየ የመጥረቢያ ጠባሳ ብቅ አለ፤ መስቀልና ከስሩ ሦስት ጭረት። የሚያስደንቀው ደግሞ የተነሳው ሳንቃ ጀርባ ነበር። አዲሱ እንጨት በአሮጌው ቁስል ላይ ስላደገ መስቀሉና ሦስቱ ጭረት እንደ ማኅተም ተገልብጠው፣ ጎልተው ታትመውበታል።

«የኔ እጅ ነው» አለ ኤልካና። ሳንቃውን ለቲርዛ ሰጣት። «ዛፍ በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራል። ከቅርፊቱ እስከ ምልክቱ ቁጠሪ።»

ቲርዛ በመርፌ ጫፍ እየነካች ጮክ ብላ ቆጠረች። «ሀያ ዘጠኝ።»

አሳሄል ነጠቃትና ራሱ ቆጠረ። «ሀያ ስምንት!»

«ቅርፊቱ ስር ያለውን የዘንድሮውን ዘለልከው» አለው ኤልካና። «የዘንድሮውን ዝናብ አልጠጣም እንዴ?»

አሳሄል እንደገና ቆጠረ። ሀያ ዘጠኝ ሆነ። ግንባሩ ግን አሁንም እንደተቋጠረ ነበር።

ያኔ ኦቤድ ስትሪክለር ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኔ አካፋይ ነኝ፣ አድልዎ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አሳሄል፣ ባንተና በኔ መካከል ያለውን መስመር የለካው የቱ ሰንሰለት ነበር?»

«ያው አሮጌው ነው» አለ ኤልካና። «የአሳሄል ወገን ከመንገዱ አርባ ሰንሰለት ነው፣ እስከ ቢች ዛፉ።»

«እንግዲያው ዛፍ ትተን በቁጥር እንሂድ ካልን፣ ከቢቹ ወደ መንገዱ ያለው ሀያ ስድስት ጫማ የኔ ሆነ ማለት ነው። የአሳሄል ጎተራ የቆመው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ግድ የለም፣ በቆሎህን እስክታወጣ እታገስሃለሁ።»

ኢኖስ፣ አራት ቀን ሙሉ ያልተናገረው ኢኖስ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሳሄል ጎተራውን አየ፣ ኦክ ዛፉን አየ። በመጨረሻ ፊቱ ፈታ አለ።

«ዛፍ ይሻላል» አለ። «ዛፍ እወዳለሁ እኔ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለች ቲርዛ። «ና፣ ከምንጬ ጠጣ። ተናግረህ ተናግረህ ጉሮሮህ ደርቋል።»

ፍርድ ቤቱ ድልድሉን እንዳለ አጸደቀ። ኤልካና ግን በዚያ አላቆመም። በአሮጌው ሰንሰለት የለካቸውን ሰማንያ ሦስት እርሻዎች ከዱሮ ደብተሩ ለቅሞ አወጣ። መከሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ሦስት ክረምቶች፣ በየበሩ እያንኳኳ «ሰንሰለቴ ስምንት ኢንች ይረዝም ነበር፤ ዛፎችህ ልክ ናቸው፣ ቁጥሬ ግን ይታረማል» እያለ ዞረ። አንዳንዱ ሳቀበት። አንድ አሮጊት «ስሙን በገዛ እጁ ሲያጠፋ ያየሁት ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉት። ግን የዚያን አውራጃ ድንበር ለመለካት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላ ቀያሽ ጠርቶ አያውቅም።

የኦኩን ሳንቃ ቲርዛ ከምንጩ ቤት በር በላይ ቸነከረችው፤ መስቀሉና ጭረቶቹ ወደ ውጭ። ኤልካና በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆሞ አንድ ጣሳ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያም ከበሩ እስከ ዛፉ ያለውን እርምጃ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ሁልጊዜም ልክ ሆኖ ያገኘዋል።