በግራ እጅ የተፈጨ ቆጭቆጫ

ባለፈው ቅዳሜ መቱ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት አረንጓዴ ሚጥሚጣ ከዘንቢል ስትገለብጥ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘኝና ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እናቴ ከሚኒባስ ስትወርድ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ሙሽራው የጎሬ ልጅ ነው። የእናቴ ቆጭቆጫ ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከኮሰረት ጋር በድንጋይ ወፍጮ ላይ እየተላቆጠ የሚወጣ፣ ለጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ጆሮ ድረስ የሚያቃጥል፣ ዝናው ጎሬ የደረሰ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሶፊያ ከሱቃቸው የኤሌክትሪክ መፍጫ ይዘው መጡ፤ እናቴ ግን፣ ቃሪያው በማሽን ውሃ ይሆናል ብላ አመስግና መለሰችላቸው።

“ታዲያ በምንሽ ልትፈጪ ነው?” አለች አክስቴ።

“በግራዬ።”

“በግራ እጅ የተፈጨ ለአማቾች ሊቀርብ? የናቅናቸው ይመስላቸዋል እኮ!”

እናቴ እልህ ሲይዛት ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። “ነን ደንደአ” አለች፤ እችላለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከራትም።

በየጠዋቱ ተለማመደች። መጁ እየተንሸራተተ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ቃሪያ በነካ እጇ ዓይኗን አሽታ ግቢውን እየዞረች አለቀሰች፤ የፈጨችው ሻካራ ሆኖ ለቤት ቀረና ሳምንቱን ሙሉ እንባችንን እያፈሰስን በላነው። በዘጠነኛው ቀን ግን ልስልስ ብሎ ወጣ።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው አባት፣ ኮስታራ ሽማግሌ፣ ቆጭቆጫውን ቀምሰው ቀና አሉ።

“ማን ነው የፈጨው?”

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ ከንፈሯን ነከሰች።

“እኔ ነኝ” አለች እናቴ፤ ግራ እጇን ከፍ አድርጋ። “በዚህ።”

ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ የታሰረውን ክንዷን አዩት።

“በቀኝዎ ፈጭተውት ቢሆን ኖሮማ ዛሬ አልቀን ነበር!” አሉ። “ጨምሩልኝ።”

ክንዷ ትንሽ እንደጎበጠ ዳነ። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ሙያውን አስተምራኛለች፤ መጠኑንም አልሳትኩም። አሁን ግን ፈጭቼ በጣቴ ጫፍ ስቀምስ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ገጽታዬን ብቻ አይቶ “ጨው አነሰው” የሚለኝ ሰው የለም።