የማርቆስ ጠመንጃና የኔ ሰም

በሉ ቅረቡ። አስቴር፣ አንቺም ጠመንጃውን እዚያው አስደግፊና ተቀመጪ። ከመንካቴ በፊት የምነግርሽ አለ።

እዚህ እኛ አገር ሸኮ በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ያን ዓመት የዱር አሳማ የአባትሽን የማርቆስን ማሳ በግማሽ አጋደመው። ሁለት ሆነን ልናድነው ተነሳን፤ እኔ በጦር፣ እሱ በዚሁ የአፍጋን ጠመንጃ። አያትሽ ከአንድ አረብ ነጋዴ በበቅሎ ለውጠው ያመጡት ነው። ባሩዱን በአፈሙዝ ይጎርሳል፤ ሰደፉ እንደምታዩት በዛጎል አበባ አጊጧል። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔም ቀፎ ሠሪው፣ እጄ የተመሰገነው፣ በዋዜማው የላሉትን ዛጎሎች በቀለጠ የማር ሰም አጣበቅኩለት። አሳማ ቆሞ ሊያደንቀው ይመስል!

ማርቆስ ሁልጊዜ እሳት ወደ ባሩዱ የምታልፍባትን ቀዳዳ በመርፌ ይፈትሻል። ያን ጠዋት ግን «አንተ የነካኸውን ምን እፈትሻለሁ?» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ሞኙን።

ዱካውን ያዝን። የኮቴው ስንጥቅ ጭቃው ላይ ሰፊ ነው፤ ውሃ ገና አልሞላውም። «ቅርብ ነው» አለ ማርቆስ። ከቡናው ግርጌ፣ ኮረሪማው ጥሻ ውስጥ ሲያንኮራፋ ሰማነው። ወዲያው ወጣ። ክራንቻው ስንዝር ያህላል። ማርቆስ አልሸሸም፤ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቃታውን ሳበ። ከቀዳዳዋ ላይ የተነሰነሰው ባሩድ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጥይቱ አልወጣም።

«ባሩዱ ረጥቧል!» ብሎ ሳይጨርስ አሳማው ጭኑን ዘነጠለው። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ጦሬን የወረወርኩት ማርቆስ ከወደቀ በኋላ ነው። አሳማውን ገደልኩት፤ ምን ዋጋ አለው? አባትሽን ከጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ተሸከምነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ያ እግሩ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፍም።

በማግስቱ ጠመንጃው የጎረሰውን አወጣሁ። ባሩዱ እንደ ዱቄት ደረቅ ነበር። ቀዳዳዋን የደፈናት ከዛጎሉ ተንጠባጥቦ የገባ ሰም ነው፤ የኔው ሰም። ጠረግኩና ዝም አልኩ።

ስንት ዓመት ሆነው! በተገናኘን ቁጥር ማርቆስ ዝናቡን ይረግማል፤ እኔም አፍሬ አብሬው እረግማለሁ። ዛሬ ደግሞ ዛጎሉ ረገፈ ብሎ አንቺን ላከ፤ «ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብሎ።

እናንተ፣ ለአደን የሚወጣን መሣሪያ ጌጡን ተዉትና ቀዳዳውን እዩ። ወዳጅ ቢነካውም እዩ።

አስቴር፣ ጠመንጃውን እንዳለ ያዢና ተነሺ፤ ይህንኑ ለሱም ልነግረው አብሬሽ እሄዳለሁ። ከሩቅ ሲያየን ጠግኜ ያመጣሁለት ይመስለዋል።