የአጎቴ ድርሻ

አጎቴ ሳያካፍሉ አይጎርሱም ነበር። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉን ነበር።

የልባቸው ደም ሥር ጠቦ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲተኙ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አዲስ መድኃኒት ለመፈተን ለገሚሱ በሽተኛ መድኃኒቱን፣ ለገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይሰጥ ነበር። አጎቴ ግን የራሳቸውን ገምሰው አጠገባቸው ከተኙት የአንኮበር ሰው ጋር ይለዋወጣሉ።

ሐኪሙ ደርሶባቸው ተቆጣ። «ንገረው እንጂ፤ ሰው እያየኝ ለብቻዬ ልዋጥ?» አሉኝ አጎቴ።

አስተርጓሚው እኔ ግን አፍሬባቸው «ባላገር ነው፣ አልገባውም» አልሁት። ከሙከራው አስወጧቸው።

አጎቴ አርፈው ለቅሶ ስንቀመጥ የአንኮበሩ ሰው መጡ። ከራሳቸው ገምሰው በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ግማሽ ኪኒን ፈትተው፣ አጎቴ ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ አኖሩና «ድርሻቸው ናት» አሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።