ወፍ ያሻገረው ዝግባ

ከኩታበር ስነሳ

ሰኔ ገብቶ መሬቱ እንደራሰ ከኩታበር ተነሳሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የዝግባ ችግኝ። አባቴ ቄስ ናቸው። ከሚያገለግሉበት ደብር በር ላይ የነበረው ትልቅ ዝግባ በነፋስ ከወደቀ ወዲህ፣ ከሥሩ የለቀሙትን ፍሬ በየክረምቱ ይቀብራሉ፤ አንድም አልበቀለላቸውም። "ቦታው እኔን እምቢ ብሎኛል" ማለት ጀምረዋል። ይህን ሲሉ ሆዴ ይባባል። መካነ ሰላም በዝግባ የተከበበ ደብር አለ ሲባል ስሰማ ታዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ደውዬ እንዳልጠይቅ፣ ሞባይል እኛ ዘንድ ገና ወሬ ነበር።

መንገድ ላይ

ደሴ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ድንች ቅቅል በአዋዜ በላንና ነፍስ ዘራን። ከዚያ ወዲያ ጭቃ በያዘን ቁጥር እየወረድን ገፋን። ሹፌሩ "የከፈላችሁት ለመቀመጥ ብቻ መሰላችሁ?" እያለ ይስቅብናል። እኔ ግን ደስታዬ ድካሙን አስረስቶኛል።

መካነ ሰላም

ዝግባዎቹን ከሩቅ ሳይ ልቤ ዘለለ። በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ! ከሥራቸው ቢጫ ፍሬ ተነጥፏል። ለመልቀም ጎንበስ ስል አንድ አረጋዊ ካህን "ተው ልጄ" አሉኝ። "ከዚህ ቅጥር የወደቀ ቅጠል እንኳ አይወጣም። የቆየ ሥርዓታችን ነው።"

ክው አልኩ። የአባቴን ነገር አጫወትኳቸው።

"አብሽር፤ እኛ አናወጣም እንጂ ወፍ ማን ይከለክላል?" አሉና እጄን ይዘው ወደ ውጭ ወሰዱኝ።

ከቅጥሩ ጀርባ፣ ከጂዳ የተመለሰች ዘይነባ የምትባል ሴት ትኖራለች። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን አጥሯ ሥር ይጥላሉ፤ እሷ ችግኝ ታፈላበታለች። በሣር ዳስ ሥር የተደረደሩትን ችግኞች ሳይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ካህኑ የአባቴን ነገር ነገሯት።

"አባትህ ዘሩን እንዴት ነው የሚያኖሩት?" አለችኝ።

"እንደ በቆሎ ዘር ነዋ። ፀሐይ ላይ ያደርቁትና፣ ኅብስት ከሚጋገርበት ቤተልሔም፣ ከጭሱ በላይ ይሰቅሉታል።"

"ያ አላህ፣ አጭሰው ገደሉታ!" ብላ ሳቀች። "ይኸ እንደ እህል አይደለም፣ ወንድሜ። ሥጋውን ልጠህ፣ ቅርፊቱን ቀስ ብለህ ሰንጥቀህ፣ ሳይደርቅ ጥላ ሥር ትዘራዋለህ። ውኃ አታብዛበት። ከዚያ መታገስ ነው፤ ዘግይቶ ነው የሚበቅል።"

ዋጋውን ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። "ወፍ ያመጣው አይሸጥም። ብቻ ከቅጥራችሁ ጥግ ትከሉት፤ ፍሬው ለጎረቤትም ይድረስ።"

ቤት

ችግኞቹን በጣሳ ታቅፌ ገባሁ። የጭሱን ነገር ስነግራቸው አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"እኔስ ኃጢአቴ መስሎኝ ነበር" አሉ ኋላ፣ ቀስ ብለው።

ከዚህ ጉዞ የዝግባ ዘር መድረቅ እንደማይወድ ተማርኩ፤ አባቴን ከጸጸት ማውጣቴ ግን ከሁሉም በለጠብኝ። በማግስቱ አባቴ የድሮው ዝግባ የነበረበትን በር ትተው ከደብሩ ቅጥር ጥግ፣ ከጎረቤታችን ከሼህ ይማም ማሳ አጠገብ ጉድጓድ ማሱ። ሼሁን ጠርተው ችግኙን አስያዟቸው።

"ቄሱ፣ ይኸ እስኪያድግ እኛ እንደሁ ከጥላው ለመቀመጥ አንደርስም" አሉ ሼሁ።

"ወፎቹ ይቀመጡበታል" አሉ አባቴ፣ አፈሩን በእጃቸው እየደለደሉ።