ጥር 2016 የተቀረጸ ምርቃት

ስብሓት ኮምፒውተር የነካው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ሁመራ ሳለ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ፎቶ ያነሣ ነበር። ጦርነቱ አባሮት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ ወዲህ ደግሞ የነጋዴውን የአኑዋርን ሱቅ ጥግ ይዞ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ እያበላሸ እያስተካከለ ቪዲዮ ማቀናበር ቻለ።

በአንድ ነገር ግን ከማንም ጋር አይደራደርም። የኮምፒውተሩን ቀን የሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ሲለው ሰደበው እንጂ አልተወውም፤ ወር በገባ ቁጥር በእጁ ያስተካክለዋል።

«አቦይ ስብሓት፣ እርስዎ ባሉበት ዓመት እኔ ገና አላገባሁም» እያለ አኑዋር ይቀልድበታል።

«ታድለሃል፤ እዚያው ቅር» ይለዋል።

መስከረም ላይ አኑዋር አዲስ ኮምፒውተር አስገባና አሮጌውን ፋው ከተማ ለሚኖር ሰው ሸጠው። ሁሉን ለመገልበጥ የአዲሱ ቦታ ስለማይበቃ፣ ለማሽኑ አጭር ትእዛዝ ጻፈለት፦ ከ2024 ወዲህ የተሠራውን ብቻ አሻግር፣ የቆየውን ተው። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ጨርሻለሁ አለ። አኑዋርም የአሮጌውን ሆድ ሊያጸዳ ተቀመጠ።

ትብለጽ ከስደተኞች ካምፕ የደረሰችው ይኼን ጊዜ ነው። እናቷ ፅገ በክረምቱ ሞታባታለች። በሠርጓ ቀን እናቷ ስትመርቃት ስብሓት የቀረጸውን ለተዝካሩ ልትወስድ ነው የመጣችው። ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ምስል የላትም።

ስብሓት አዲሱን ከፈተ። ሠርጓ የለም። የዚያ ዓመት ሠርግ አንዱም የለም። ዞር ሲል የአኑዋር ጣት የአሮጌውን ፋይሎች ማጥፊያ ቁልፍ ላይ ነው።

«እጅህን አንሣ!»

ደጅ ካሮ የሚሉትን የአህያ ጋሪ አቁሞ የሚጠብቀው የአሮጌው ኮምፒውተር ገዢ ሳይቀር ደነገጠ።

«ወላሂ አቦይ፣ ማሽኑ ጨርሻለሁ ብሎኛል!»

«ማሽኑ! ማሽኑ ፅገን ያውቃታል? ከፍተህ አይተሃል?»

ስብሓት፣ አኑዋር የጻፈውን ትእዛዝ ሲያነበው ደሙ ፈላ። የዚያ ዓመት ፋይሎቹ ሁሉ 2016 የሚል ቀን ነው ያላቸው። ማሽኑ በፈረንጅ ቆጥሮ፣ አምና የተዳረችውን ሴት ሠርግ የስምንት ዓመት ጥራጊ አድርጎት ኖሯል።

«እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?» አለ አኑዋር፣ እሱም ተቆጥቶ። «ቀኑን እንደ ሰው ቢሞሉት ኖሮ...»

«እንደ ሰው? እኔን ከምን ቆጠርኸኝ? አገሬን ቀሙኝ፣ ቤቴን ቀሙኝ፤ አሁን ደግሞ ቀኔን ላስረክብ? እዚህ ጥግ ስንት ዓመት ስቀመጥ አይተኸኝ፣ አንዴ መጠየቅ አቃተህ!»

አኑዋርን በክርኑ ገፍቶ ተቀመጠ። በንዴት ሲጽፍ ሁለቴ ተሳስቶ ሁለቴ ሰረዘ። 2024 የሚለውን አውጥቶ 2016 አስገባ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ። ትብለጽ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች።

የሠርጉን ፋይል አዲሱ ላይ ከፈተው። ፅገ ዳስ ውስጥ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ በትግርኛ ልጇን ስትመርቅ ሱቁን ሞላችው። ትብለጽ ጮክ ብላ አለቀሰች። ቆይታ እንባዋን ጠርጋ፣ ከፋይሉ ስም ጎን ያለውን ቀን አነበበች።

«12/5/2016። ጥር አሥራ ሁለት፣ ቃና ዘገሊላ። አዎ አቦይ፣ ያን ዕለት ነው የተዳርሁት።»

ስብሓት ወደ አኑዋር ዞረ። ንዴቱ አልበረደም።

«ሰማህ?»